14 ሰከንድ የሚፈጅ መስታወት

ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ለፓርኪንግ ልጁ ሒሳብ ልሰጥ የሾፌር በሩን መስታወት አወረድኩ። በደንብ ወረደ። ብሩን ሰጠሁና ስዊቹን ወደ ላይ ሳብኩ። መስታወቱ ሁለት ጣት ያህል ተነሳ፣ አቃሰተ፣ ቆመ። ደግሜ ሳብኩ። ቀጥ። ዝናቡ ደግሞ ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ለቀቀው።

ፓርኪንግ ልጁ ጃንጥላውን ጥሎ ሊረዳኝ መጣ። እኔ ስዊቹን እጫናለሁ፣ እሱ መስታወቱን ከውስጥና ከውጭ በሁለት መዳፉ ጨብጦ ወደ ላይ ይስባል። እንዲህ እየተጋገዝን አወጣነው። የግራ እጅጌዬ ግን እስከ ትከሻዬ ርሶ ነበር።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 2004 የተሠራች ትንሽ የጃፓን መኪና ናት። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የሠሪዋ አይደለም። ሃያ ዓመት ያለፋት፣ አቧራ ላይ የኖረች፣ ፀሐይ ላይ የምታድር መኪና ናት። የአራቱም በሮቿ መስታወት በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው። ሦስቱ ደህና ናቸው። የሾፌሩ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። እሱም አይፈረድበትም፤ ለትራፊክ፣ ለፓርኪንግ፣ ለሶፍት ሻጭ፣ ለዘበኛ ሰላምታ ቀኑን ሙሉ የሚከፈት የሚዘጋው እሱ ነው።

ነገሩ ያን ቀን የጀመረ አልነበረም። ከበጋው ጀምሮ ቀስ እያለ ነበር። ስከፍተው ምንም አይልም፣ ስዘጋው ግን እንደ ሽማግሌ ደረጃ ሲወጣ ነበር የሚነሳው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ ሆነ። ሲወጣ የሚቸገረው ሲወርድ የማይቸገረው፣ መስታወቱ ከባድ ስለሆነ ነው። ሲወርድ የራሱ ክብደት ሞተሩን ያግዘዋል። ሲወጣ ሞተሩ ክብደቱንም ሰበቃውንም ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ በሽታው መጀመሪያ የሚታየው ሲወጣ ነው።

በማግስቱ ሰፈራችን ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ስዊቹን ሁለቴ ጫን ጫን አደረገ፣ ጆሮውን በሩ ላይ ደገፍ አደረገና «ሞተሩ ሄዷል» አለኝ። በሩን አልከፈተም፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አላወጣም። እውነቱን ለመናገር ደካማ ድምፅ የሚያሰማ ሞተር ሲሰማ ሞተሩን መጠርጠሩ አያስደንቅም። እኔም አመንኩት። ሞተር ሲደክም ካርቦኑ ያልቃል፣ ይሞቃል፣ ጉልበት ያጣል፤ ይህ ያለ ነገር ነው።

አሮጌ ግን «አሪፍ» የተባለ ሞተር ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ አስመጣልኝ፣ 4,500 ብር። የእጁን 1,000 ብር ጨመርኩ። የተነቀለውን ሞተር በፌስታል ጠቅልዬ ፖርቶባጋሎ ውስጥ ጣልኩት። አሮጌ ዕቃዬን ጋራዥ ትቼ አልሄድም፣ ልማዴ ነው።

መስታወቱ ተሻለው። ደስ አለኝ። ደስታዬ ሦስት ሳምንት ቆየ።

ከዚያ ያው ማቃሰት ተመለሰ። አሁን ደግሞ አዲስ ነገር ተጨመረ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ከከፈትኩና ከዘጋሁት መሐል ላይ ሙሉ በሙሉ ይሞታል፤ ስዊቹን ብትጫነው ድምፅ እንኳ የለም። አሥር ደቂቃ ያህል ስጠብቅ ደግሞ ራሱ ይነሳል። ይህ ተአምር አይደለም። ብዙዎቹ የመስታወት ሞተሮች ውስጥ ሙቀት ሲበዛ ኃይል የሚያቋርጥ ትንሽ መከላከያ አለ። ሞተሩ ሲታገል ይሞቃል፣ መከላከያው ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ማለትም በሞተሩ ላይ የሆነ ነገር እየከበደበት ነበር። ያኔ ይህን አላውቅም፤ «ሸጡልኝ፣ የሞተ ሞተር ሸጡልኝ» እያልኩ ነበር የምናደደው።

በዚያ ላይ የሾፌሩ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ መራስ ጀመረ። ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

ወዳጄ ወደ አንድ አዛውንት ኤሌትሪሺያን ላከኝ። ቦታቸው ጋራዥ አይባልም፤ አንድ ኮንቴይነር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ባትሪ። መኪናዋን ሳቆም ከወንበራቸው አልተነሱም። ጥያቄ ጀመሩ።

«የመኪናዋ ሞተር ተነስቶ ሳለ እና ጠፍቶ ሳለ መስታወቱ ሲዘጋ ይለያያል?»

«አዎ ጋሼ፣ ሲነሳ ትንሽ ይሻላል።»

«የሌሎቹ በሮችስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ቫልቮላ አይደለም እንግዲህ። ባትሪም አይደለም። ያንተ ነገር እዚህ በር ውስጥ ነው ያለው።»

ቫልቮላ (ፊውዝ) ከተቃጠለ መስታወቱ አይዘገይም፤ ጭራሽ አይሠራም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዘገምተኛ መስታወት ይዞ መጥቶ ቫልቮላ ቀይሩልኝ የሚል አለ።

ቀጥሎ የጣሪያ መብራቷን አበሩና ስዊቹን እንድስብ አዘዙኝ። መብራቷ ደከም አለች። «አየህ፣ መብራቷ ከደከመች ኃይል እየሄደ ነው፤ ሞተሩ እየበላ ነው። ባትደክም ኖሮ ሽቦ ወይም ስዊች ነበር መጀመሪያ የማየው።» ከዚያ ስልኬን አስወጡኝ። ከታች እስከ ላይ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለካን። የመኪናዋ ሞተር ጠፍቶ 14 ሰከንድ። ከጎኑ ያለው የተሳፋሪ በር 4 ሰከንድ ተኩል። «ይህን ጻፈው» አሉኝ። እስካሁን መኪና ይዤ ጋራዥ ስሄድ እንዲህ ያለ ነገር ጻፍ ያለኝ ሰው አልነበረም።

በሩ ተከፈተ። የእጅ መያዣው ሥር ያሉት ብሎኖች በካቻቢቴ፣ የቀረው በክሊፕስ ነው። ክሊፕሱን በብረት ካወጣኸው ይሰበራል፣ ሽፋኑም ይጫራል፤ እሳቸው ለዚህ ሥራ የሳሉት የፕላስቲክ ማንኪያ እጀታ አላቸው። (በሩ ውስጥ የጎን ኤርባግ ሴንሰር ያለበት መኪና ከሆነ ባትሪውን ፈትቶ ትንሽ ጠብቆ መጀመር ነው። የኔዋ የላትም።)

ሽፋኑ ሲወርድ ውስጡ ያለው ነገር ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። መስታወቱን የሚይዝ ማንሻ አለ። አንዳንድ መኪና ላይ እንደ መቀስ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ብረት ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ በቀጭን የሽቦ ገመድ የሚሳብ ነው። የኔ መቀሱ ነው። ማንሻውን ሞተሩ በጥርስ ይገፋዋል። መስታወቱ ደግሞ ከፊትና ከኋላ በኩል በጎማ መንገድ ውስጥ ይሮጣል። ያ ጎማ ከንፈር አለው፤ መስታወቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ ንፋስና ውኃ ይከለክላል። ለስላሳ ሳለ ጥሩ ነው። ሲደርቅ ግን ፍሬን ይሆናል።

መጀመሪያ ሞተሩ ሶኬት ላይ ቴስተር አስገቡ። ሶኬቱን ሳይነቅሉ፣ መስታወቱ እየወጣ ሳለ ነው የለኩት። ይህ ልዩነት አለው። ሶኬቱን ነቅለህ ብትለካ ምንም ጭነት ስለሌለ ሙሉ ቮልት ያሳይሃል፣ ሁሉ ነገር ደህና ይመስልሃል። ባትሪው ላይ 12.4 ቮልት ነበር። ሞተሩ ላይ 9.8። ከሁለት ቮልት ተኩል በላይ መንገድ ላይ ጠፍቷል።

«ሁለት በሽታ አለህ» አሉ። «አንዱን አስቀድመን እንጨርስ።»

መስታወቱን ከማንሻው ለዩት። ከመፍታታቸው በፊት ብሎኖቹ የተቀመጡበትን ቦታ በማርከር ከበቡት፤ ሲመለስ ትንሽ ከተዛባ መስታወቱ ጠምሞ ይሮጣልና አዲስ ችግር ነው። ማንሻውን ብቻ በስዊቹ አንቀሳቀሱት። ፈጣን፣ ምንም አላቃሰተም። ከዚያ መስታወቱን በእጄ ወደ ላይ እንድስበው ነገሩኝ። ሳብኩት። በላብ ነበር የመጣው። ከኋላ በኩል ባለው መስመር ላይ ደግሞ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይነክሳል።

ጠቅላላ ምርመራው ይኸው ነው። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሞተሩና ማንሻው ብቻቸውን ይሮጣሉ፣ መስታወቱ ብቻውን አይሄድም። የመጀመሪያው ጋራዥ ሞተር ለመቀየር በሩን ሲከፍት መስታወቱ ከማንሻው ተለይቶ እጁ ላይ ነበር። አንዴ ወደ ላይ ቢስበው ኖሮ ያውቅ ነበር።

አሁን የማፍርበት ክፍል ይመጣል። አዛውንቱ ጣታቸውን የጎማው መንገድ ውስጥ አስገብተው ሲያወጡት ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ይዞ ወጣ። አሸተቱት። «ዘይት ነፍተህበታል?» አሉኝ። ነፍቻለሁ። በበጋ መዘግየት ሲጀምር በየሱቁ የሚሸጠውን ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ገዝቼ ሦስት አራት ጊዜ ጎማው ውስጥ ረጭቼበታለሁ። በረጨሁ ቀን ይፈጥናል፤ በሳምንቱ ከበፊቱ ይብሳል። ደግሜ እረጫለሁ። ዘይቱ አቧራውን ያዘው፣ አቧራውና ዘይቱ ተላቁጠው ተጋገሩ። ዘይት ደግሞ ብዙ ጎማ አይወደውም፤ ያብጣል፣ ይላላል፣ ቅርጹን ይለቃል። ከኋላ የሚነክሰው ቦታ ላይ የጎማው ከንፈር አብጦ ተቀዷል። መስታወቱ ባለፈ ቁጥር ይሰበስበዋል።

ማጽዳቱ ነው ረጅሙ ሥራ። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ የዕቃ ሳሙና፣ ቀጭን የፕላስቲክ ማስመሪያ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ። ጨርቁ መንገዱ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይቀየራል። ስንት ጨርቅ እንዳጠቆርን አልቆጠርኩም። ሥራውን አብዛኛውን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ «የራስህን ዘይት ራስህ ጥረገው» ብለውኛል። የጎማው የፊት መስመር ዳነ። የኋላው የተቀደደው ግን መቀየር ነበረበት። ሶማሌ ተራ ሄጄ ከተመሳሳይ ሞዴል የወጣ፣ የግራ በር፣ ለስላሳነቱን ያልለቀቀ ፈልጌ አመጣሁ። ጎማ ስትገዛ በጥፍርህ ጫን አድርገው። ከተመለሰ ሕይወት አለው፤ ጥፍርህ ታትሞ ከቀረ ተወው።

ሁሉም ደርቆ ሲያልቅ ሲልከን ስፕሬይ ተረጨበት። ሲልከን ጎማ አይጎዳም፣ አቧራም እንደ ዘይት አይሰበስብም። መስታወቱ ላይ የተበተነውን ግን ወዲያው መጥረግ ነው፤ ካልሆነ ማታ የመጪ መኪና መብራት ሲመታው ዓይን ያጨልማል። የማንሻው ጥርስና መጋጠሚያ ላይ ያለው የድሮ ግራሶ እንደ ማስቲካ ደርቆ ነበር። ተጠርጎ በስሱ ነጭ ግራሶ ተቀባ።

መስታወቱ ተመልሶ ታሰረ። ስልክ አወጣን። 6 ሰከንድ። ሞተሩ ላይ ያለው ቮልት ደግሞ ምንም ሽቦ ሳንነካ ከ9.8 ወደ 11.1 ከፍ ብሏል። እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። ጎማ ማጽዳት እንዴት ቮልት ይጨምራል?

ጋሼ ጠረጴዛቸው ላይ በእርሳስ ጻፉልኝ። መንገዱ ላይ፣ ስዊቹ ውስጥ፣ ትንሽ መሰናክል አለ፤ 0.2 ኦም ይሁን። ሞተሩ እየታገለ 13 አምፔር ሲስብ 13 በ0.2 ሲባዛ 2.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ጭነቱ ቀንሶ 6.5 አምፔር ሲስብ ደግሞ 1.3 ቮልት ብቻ ነው የሚጠፋው። ያው መሰናክል፣ ግማሽ ጥፋት። የእንዲህ ዓይነት ሞተር ፍጥነት ቮልቱን ይከተላል። ስለዚህ ጎማው ሲከብድ ሞተሩ ብዙ ይስባል፣ ብዙ ሲስብ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቮልቱ ሲወርድ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሁለቱ በሽታዎች እየተመካከሩ ነበር የሚሠሩት።

የቀረው ያ መሰናክል የት እንዳለ ማግኘት ነው። በሩና አካሉ መሐል ባለው ጎማ ቱቦ ውስጥ የሚያልፉትን ሽቦዎች አዩ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያ ይታጠፋሉ፣ ውስጥ ውስጡን ይበጠሳሉ። የኔዎቹ ደህና ነበሩ። ማሳውም (ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው ሽቦ) ደህና። ወደ ስዊቹ መጡ። የሾፌር በር ስዊች ማስተር ነው፤ አራቱም በሮች እሱ ላይ ናቸው፣ የገዛ በሩን ሞተር ደግሞ በቀጥታ የሚነዳው እሱ ነው። በትንሽ ካቻቢቴ ጥርሶቹን አላቀው ከፈቱት። ለሾፌሩ በር የሚሆነው ኮንታክት (ኃይሉን የሚያገናኘው ብረት) እንደ ከሰል ጠቁሯል። የሌሎቹ ሦስቱ ያበራሉ።

ይህን ያቃጠለው ያ ሁሉ አምፔር ነው። ኮንታክት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለ። የሚያልፈው ኃይል በበዛ መጠን ብልጭታው ይበረታል፣ ይጠቁራል፣ መሰናክል ይሆናል። እኔ ደግሞ «እምቢ» ባለ ቁጥር ስዊቹን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አደርገው ነበር። በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ፣ ከዚያ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ። ኮንታክቱ ላይ ያለው የብር ሽፋን ስስ ስለሆነ ብዙ መፋቅ አይቻልም። «ዓመት ይሠራልሃል፣ ምናልባት ሁለት። ከዚያ ስዊቹን ትቀይራለህ» አሉኝ። ሀቀኛ መልስ ነው፤ ደስ አለኝ።

መጨረሻ ላይ ለካን። ሞተሩ ላይ 12 ቮልት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። የመኪናዋ ሞተር ጠፍቶ 4 ሰከንድ ተኩል፣ ተነስቶ 4 ሰከንድ። ከተሳፋሪው በር ጋር እኩል።

አሁን የራሰው ምንጣፍ። በበሩ ብረትና በሽፋኑ መሐል አንድ ስስ ላስቲክ ይለጠፋል። ሰው ከንቱ ነገር ይመስለዋል። ዝናብ ሲዘንብ በመስታወቱ ውጭ የሚወርደው ውኃ ሁሉ ውጭ አይቀርም፤ የተወሰነው በሩ ውስጥ ይገባና ከታች ባሉ ቀዳዳዎች ይፈሳል። ላስቲኩ ነው ውኃው ወደ መኪናው ውስጥ እንዳይመጣ የሚመልሰው። የመጀመሪያው ጋራዥ ልጅ በምላጭ መሐሉን ቀዶ እጁን አስገብቶበት ነበር። በጋ ቢሆን አይታወቅም። ክረምት ስለሆነ ውኃው በቀጥታ እግሬ ሥር ወረደ። ጋሼ ወፍራም ፕላስቲክ በልኩ ቆርጠው በሚያጣብቅ ጥቁር ማስቲሽ ዙሪያውን አሸጉት፣ የበሩን የታች ቀዳዳዎችም በሽቦ ከአፈር አጸዱ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መኪናችሁ አዲስ ሞዴል ከሆነ፣ አንዴ ተጭናችሁ ራሱ የሚዘጋ ዓይነት ከሆነ፣ ምልክቱ ሊለይ ይችላል። ከመዘግየት ይልቅ ሊዘጋ ሲል ራሱ ተመልሶ ይወርዳል። እጅ ወይም ጣት የተያዘ መስሎት ነው። ብዙ ጊዜ የያዘው ጣት ሳይሆን ደረቅ ጎማ ነው። ባትሪ ተፈትቶ ከታሰረ በኋላም አንዳንዱ መኪና መስታወቱ የት እንደሚያልቅ ይረሳል፤ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ስዊቹን ወደ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት ብዙውን ጊዜ ያስታውሰዋል። ከዚህ በላይ የመኪናው መጽሐፍ ላይ ማየት ነው።

ለጋሼ የእጃቸው 1,500 ብር፣ ጎማው 1,100፣ ስፕሬዩና ማስቲሹ 700 ሄደ። በድምሩ ከመጀመሪያው ጋራዥ ያነሰ ነው።

ልሄድ ስል ፖርቶባጋሎ ውስጥ ያለችው ፌስታል ትዝ አለችኝ። የተነቀለውን፣ «የሄደውን» ሞተር አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ጋሼ ሁለት ሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኙት። ሞተሩ ጠረጴዛው ላይ ዘሎ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሽቦዎቹን አገላብጠው ሲያገናኙትም በሌላው አቅጣጫ ዞረ። ምንም አልሆነም ነበር።

ሁለት ሞተር ምን ያደርግልኛል፣ በሳምንቱ ሶማሌ ተራ ይዤው ሄድኩ። ጎማውን የሸጠልኝ ልጅ ባትሪ ላይ ሞከረውና ዓይኑ በራ።

«ይሄ እኮ ጤነኛ ነው ወንድሜ! ከየት አገኘኸው?»

«ተበላሽቷል ተብሎ የተነቀለ ነው።»

ሳቀ። ብሩን እየቆጠረ፣ በአገጩ ከኋላው ያለውን የሞተር ክምር አሳየኝ።

«ግማሹ እንደዛ ነው» አለ።